አባባ ያልጠጡት ነጭ መድኃኒት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአያ ውድነህ፤ ካለህበት ጁባ።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱ አልጠናብህም? ባለቤትህ እስከዳርስ ደህና ናት? ሕፃኑ ዳዴ ማለት ጀመረ? እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሳችሁ። እኔ ታናሽህ የትነበርሽ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

ይህን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። በደወልክ ቁጥር አባባ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ሸጋ ነኝ፣ ጨጓራ ናት ይሉሃል። ስለዚህ ወደ አንተ በሚመለሰው በጓደኛህ በሙሉሰው እጅ ጻፍኩልህ። ከጭልጋ አምጥቻቸው አዘዞ አክስታችን አባይነሽ ቤት ካረፍን በኋላ የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች በጉሮሯቸው ቱቦ አስገብተው አዩ፤ የጨጓራ ካንሰር ነው አሉኝ። የቀረው በሆድ ውስጥ ወዳሉት እጢዎች፣ ወደ ንፍፊቶቹ፣ መዛመት አለመዛመቱን ሲቲ ስካን በሚሉት የውስጥ አካል ማንሻ ማሽን ማየት ነበር። ጨጓራው አጠገብ ካሉት ንፍፊቶች ካላለፈ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ርቆ ከሄደ ግን አይሞከርም። እኔም በዚያች ተስፋ ላይ ተንጠልጥዬ ከረምኩ።

ቀኑ ደርሶ ስንሄድ፣ ወደ ማሽኑ ከመግባታቸው በፊት ሆዳቸውን አጥርቶ እንዲያሳይ ነጭ መድኃኒት በጠርሙስ ሰጧቸው። ፍልሰታ መሆኑን እኔ ብረሳው እሳቸው አልረሱትም። ወተት መስሏቸው፣ ዞር ስል ከግቢው አትክልት ሥር ደፍተው ባዶውን ጠርሙስ አቀበሉኝ። እኔ ሞኟ ጎበዝ አልኳቸው! በማግስቱ ሐኪሙ ጨጓራው ተጨማዶ የቱ ንፍፊት፣ የቱ አንጀት እንደሆነ አይለይም፣ ይደገም አለ። ቤት ገብተን ብጠይቃቸው፣ «በእመቤታችን ጾም ወተት ልጠጣ? ምነው ልጄ» አሉኝ። መድኃኒት ነው ብዬ ብምል፣ የንስሐ አባታቸው ቢፈቅዱላቸው፣ ጾሙ ሳይፈታ ንቅንቅ አልልም አሉ።

ወረፋው ተጨምሮበት ጳጉሜን ላይ ተደገመ። ያን ጊዜ ሳያስተርፉ ጠጡት። አያ ውድነህ፣ ንፍፊቶቹ አብጠዋል፤ ጨጓራው አጠገብ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ ከጀርባ አጥንታቸው ዘንድ በትልቁ የደም ሥር ዙሪያ ያሉትም። ቀዶ ጥገናው ቀረ። በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያድናቸውም ተባልኩ። በመጀመሪያው ቀን ቢታይ ኖሮስ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ያኔም ሳይኖር አይቀርም አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም። አንዳንዴ በአባባ እናደዳለሁ፤ ወዲያው ያስመልሳቸውና ጀርባቸውን ደግፌ አለቅሳለሁ።

እሳቸው አልተነገራቸውም። የበኩር ልጄ በሩ ላይ ሳይቆም ሆዴን አላስከፍትም እያሉ፣ የሌለውን ቀዶ ጥገና አንተን አስታከው ይጠብቃሉ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

እማማ ከጭልጋ ሰላም ብለውሃል፤ ገና አልሰሙም። አክስታችን አባይነሽና ባለቤቷ አያ ደመቀ በጣም ይናፍቁሃል። እስከዳርን ሳምልኝ፤ ሕፃኑንም እቀፍልኝ። አባባ ደግሞ አሁን ስጽፍ አይተው ለማን ነው አሉኝ። ለአንተ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ከሥራው እንዳይስተጓጎል፤ ለጥምቀት ይድረስልኝ በይው» አሉ።

ለጥምቀት አትበል ወንድሜ። አሁን ና።

እህትህ የትነበርሽ
አዘዞ፣ ጎንደር
መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.