በአምቡላንሱ መሪ ውስጥ ስለተሞላው ውሃ

ለክቡር አቶ ጽቬቶሚር ጋይዳሮቭ፣
በዶልና ቭርባ ማዘጋጃ ቤት የትራንስፖርት ምክትል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለማይናወጠው አቋምዎ ጤና እየተመኘሁ፣ እኔ የሰባቱ መንደር ብቸኛ አምቡላንስ ሾፌር ራንጌል ስታሜኖቭ፣ ሐሙስ ዕለት በዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ከሥራ ከመሰናበቴ በፊት፣ ስለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

1. ሰው መንገድ ሲጀምር ጉዞው እንደ ውሃ እንዲፈስለት ደጅ ላይ ውሃ ማፍሰስ የአባቶቻችን ልማድ ነው። አምቡላንሱ ሥራ በጀመረበት ቀንም የመዳቡ ገንቦ፣ አበባውና የሙዚቃ ባንዱ ተሟልተው ነበር። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሹማምንት ግን ውሃውን መሬት ላይ ከማፍሰስ ያለፈ ሐሳብ አልነበራቸውም። እርስዎ ኮፈኑን አስከፍተው፣ የመሪውን ዘይት በመምጠጫ አስወጥተው፣ በምትኩ የገንቦውን ውሃ በገዛ እጅዎ ሞሉበት። የሚጨመረው ዘይት ዓይነት በዘይት መያዣው ክዳን ላይ መጻፉን ላስታውስዎ ብሞክር፣ "ጋሽ ራንጌል፣ በደስታ ቀን አታሟርት" ብለው ስላረጋጉኝ አመሰግናለሁ።

2. መሪውን የሚያቀልለው የዘይት ፓምፕ በሦስተኛው ቀን ማላዘን ጀመረ። ይህም ጠቅሞናል፤ ሳይረን ማብራት ቀርቶልናል።

3. ፓምፑ ጨርሶ ዝም ካለ ወዲህ መሪው ወደ ቀኝ በአንድ ሰው፣ ወደ ግራ በሦስት ሰው ይዞራል። ባለፈው ቅዳሜ ወይዘሮ ዴሲስላቫን ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ስንበር፣ ነርሷ ሩሚያናና ባልየው ከጎኔ ሆነው መሪውን ሲጎትቱ፣ ከኋላ ብቻዋን የቀረችው ወላድ "እኔም መጥቼ ላግዛችሁ እንዴ?" ብላ ጠይቃናለች። የሆስፒታሉ መታጠፊያ በግራ በኩል በመሆኑ፣ ሦስታችን ጎትተን መሪው እስኪዞር አመለጠን። በቀኝ በቀኝ ሁለት መንደር ዞረን ስንመለስ ሕፃኗ በዶሮ ገበያው መሐል ተወለደች። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ይህንን ግን በቀልድ ልጽፈው አልቻልኩም።

4. ኮሚቴዎ "ያለ ፈቃድ ከመስመር መውጣት" በሚል ከስሶኛል። ክሱ እውነት ነው።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ውሃው እንዲወጣ፣ የዘይቱ ቱቦ በሙሉ እንዲታጠብ፣ የተበላሸው ፓምፕ እንዲለወጥ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዘይት እንዲሞላና ልኩ በየወሩ እንዲታይ ነው። እኔን ማባረር የግድ ከሆነም ከዚያ በኋላ ይሁንልኝ፤ ተተኪዬም አልፎ አልፎ ወደ ግራ መታጠፍ ይኖርበታል።

ከሰባቱ መንደር በሽተኞች ጋር ሆኖ፣ ወገቡ እስከፈቀደለት ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣዎ፣

ራንጌል ስታሜኖቭ
ለጊዜው ሾፌር

ማስታወሻ፦ መካኒኩ ስፓስ እንደነገረኝ፣ ባለፈው ሳምንት ለራስዎ መኪና የመሪ ዘይት ሊሞላልዎ ሲል ጠርሙሱን ተቀብለው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብበው "ይሄ የኔ መኪና ዘይት አይደለም፣ ትክክለኛውን አምጣ" ብለው መልሰውታል። እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ማንበብ አይችሉም ብዬ ስጨነቅ ነበር የከረምኩት።