የጡብ አፈሩን ጉድጓድ ቀርከሃ ያለበሱት የእትዬ እምቢ የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ከግንበኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከጡብ ፋብሪካው አጥር ሥር ባለችው ቤት በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን ቤቱን የሠሩት ፋብሪካው በጣላቸው ስባሪ ጡቦች ስለነበር አንድም ቀጥ ያለ ማዕዘን አልነበረውም። ይህን ታሪክ ሳላለሳልስ እንድጽፍ እኔን ታናሽ እኅታቸውን ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ያልሰበሩትን መስኮት ሰብረሻልና ይቅርታ ጠይቂ ሲባሉ እምቢ በማለታቸው ተባረሩ፤ «እትዬ እምቢ» የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። መስኮቱን የሰበረው የዳይሬክተሩ ልጅ መሆኑ በኋላ ቢታወቅም፣ እሳቸውን ይቅርታ የጠየቀ አልተገኘም።

በ1961 ዓ.ም. በጡብ ፋብሪካው አፈር ቆፋሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ ኋላም በእቶኑ ላይ ሠሩ። በ1966 ዓ.ም. ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1979 ዓ.ም. አፈሩ ሲያልቅ ፋብሪካው በሩን ዘግቶ ሄደ። ጉድጓዱን ግን ለእኛ ተወልን። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ አፋፉ በየክረምቱ እየተናደ መጀመሪያ አጥራችንን፣ ቀጥሎ የጎረቤታችንን ኩሽና ይዞ ወረደ። ሰው ዕቃውን እየጫነ ሲሄድ እኅታችን፣ «ከቆፋሪዎቹ አንዷ እኔ ነኝና ሳላድነው የትም አልሄድም» አሉ።

የቀርከሃ ሥር አፈር አንቆ እንደሚይዝ የነገሯቸው ቅርጫት ሠሪዋ አማታቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ተከላ ግን የሰፈር መሳቂያ ሆነ። ባለቤታቸው የአጥር እንጨት ቶሎ እንዳይበሰብስ ጫፉን ወደ ታች አድርገው መትከል ልማዳቸው ስለነበር፣ የቀርከሃውንም ቁራጭ በሙሉ ዘቅዝቀው ተከሉት። አንድም አልበቀለም። ጋብቻው ይህንንም ችሎ አለፈ። በዓመቱ እኅታችን ከነሥሩ የተነቀለ ቀርከሃ አምጥተው አፋፉን ተከትለው በእጃቸው ተከሉ፤ ባለቤታቸው ውኃ ከማመላለስ በቀር ምንም እንዳይነኩ ተከለከሉ።

ለዓመታት ከመሬት በላይ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልታየም። ሥሩ ግን ውስጥ ውስጡን ይሄድ ነበር። ቀርከሃው አንዴ ከተነሣ በኋላ አፋፉ አንድም ቤት አልወሰደም፤ ቅጠሉ እየረገፈ፣ እየበሰበሰ ያንን ራቁት ሸክላ ጥቁር አፈር አለበሰው። ቦታው ሲያምር ፈላጊው በዛ። ጉድጓዱን ቆሻሻ መጣያ ሊያደርግ የመጣውን የጭነት መኪና እኅታችን መንገዱ መሐል ወንበር አውጥተው፣ ተቀምጠው መልሰውታል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ቢያስጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በ2015 ዓ.ም. ቀርከሃው በአንድ ጊዜ አበበ፤ ከዚያም ሁሉም ደረቀ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ዘንድሮ ሞቷል ብሎ ከክረምቱ በኋላ ተመንጥሮ ጉድጓዱ በቆሻሻ እንዲሞላ ወሰነ። እኅታችን በዚያን ጊዜ የእቶኑ ጢስ በሳንባቸው ላይ ባተረፈው ሕመም አልጋ ይዘው ነበር። ውሳኔውን ሊነግራቸው ለመጣው ሠራተኛ፣ ቀርከሃ በዕድሜው አንዴ አብቦ ዘሩን ጥሎ እንደሚሞት፣ ደረቁም ለችግኙ ጥላ ስለሆነ እንዳይነካ አስረዱት። እሱም «እማማ፣ ከሞተ ነገር ምን ይጠበቃል?» አላቸው። «ክረምት» አሉት።

በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው በዚያችው ጠማማ ቤት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ተቆጥቶ የሚያርመኝ ሰው አጥቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤታቸው ወደ ጉድጓዱ ወርደው አዩ። ከደረቁ ቀርከሃ ሥር እንደ ሣር የቀጠነ ችግኝ መሬቱን ሞልቶታል። ማንም ዘቅዝቆ አልተከለውም። ስለዚህ ከቀብር መልስ በዚያ በኩል የምታልፉ ዘመድ ወዳጆች፣ የምትረግጡትን እያያችሁ እለፉ። መጥረቢያ ይዞ ለሚመጣም፣ ወንበራቸው መንገዱ ላይ ወጥቷል፤ ከነገ ጀምሮ ልጃቸው ትቀመጥበታለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በለመለመ ስፍራ ያሳርፍልን፤ እኛንም እምቢታቸውን ያውርሰን።