በርበሬው ያልታየባቸው ቀናት

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 2006

የጠዋት ቆጠራ፦ መጋዘን ውስጥ በርበሬ ሠላሳ ስምንት ኩንታል፤ ስድስቱ እርጥበት ስላለበት ፀሐይ መሞቅ አለበት። እንግዳ አሥራ አንድ። ወንበር አሥራ አራት፣ ሁለቱ እግራቸው የላላ። የጀነሬተር ናፍጣ አንድ ጀሪካን ተኩል።

እንግዶቹ ትናንት ከባሕር ዳር ገቡ። የማከራየውን ፎቅ እስከ ቅዳሜ ይዘውታል። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ከናይሮቢ ነው። ከአዳራሹ በታች የበርበሬ መጋዘን እንዳለ አስቀድሜ ነግሬያቸው "ግድ የለም" ብለው ነበር። ገና ሥራ ሳይጀምሩ የናይሮቢው ማስነጠስ ያዘ፤ ከዚያ ሁሉም ተቀባበሉት። መስኮቱን አስከፈትኩ፣ እርጥቡን በርበሬ ወደ ጓሮ አስወጣሁ። ምሳ ሲደርስ ጋብ አለላቸው።

ከቀበሌ ሰው መጣ። "የምን ስብሰባ ነው?" አለኝ። የሞዴል ነው አልኩት። "ሞዴል አርሶ አደር ተሰብስቦ እኛ ሳናውቅ?" ብሎ ተቆጣ። ፎቅ ወጥቶ ጥቂት አዳመጠና ወረደ። "የእኛ አይደለም" ብሎ ሄደ።

መሪያቸው ሄኖክ ነው፣ የባሕር ዳር ልጅ። ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ፦ እያንዳንዳቸው ተክል እንዴት እንደሚያድግ፣ በሽታ እንዴት እንደሚዛመት በኮምፒውተር ያሰላሉ፤ ሞዴል የሚሉት እሱን ነው። ግን የአንዱን ሥራ የሌላው ፕሮግራም አያነበውም። ሁሉም በአንድ ወግ እንዲጽፍ ለመስማማት ነው የመጡት። ስታንዳርድ ይሉታል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ለመሞከሪያ ያመጡት የገረመውን ማሳ ነው። ገረመው ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚያርስ ሰው ነው፤ በርበሬ በእኩል እናመርታለን፣ ዘርና ማዳበሪያ ከእኔ፣ መሬትና ጉልበት ከእሱ። ዓምና አጠውልግ የሚሉት በሽታ ገብቶ ግማሹ ቆሞ ደረቀ። የልማት ሠራተኛዋ በየቀኑ በላይኛውና በታችኛው ማሳ ስንት እግር በርበሬ እንደታመመ እንዲጽፍላት አድርጋ ነበር፤ ያ ወረቀት ነው ሄኖክ እጅ የገባው።

አሁን ችግኙ ደርሷል። እዚያው መሬት ላይ በርበሬ እንትከል ወይስ ጤፍ እንዝራ? ዘንድሮም ከደረቀ ገረመው አንዱን በሬ ይሸጣል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ሄኖክ እስከ ቅዳሜ መልስ እሰጥዎታለሁ አለ። እናያለን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የምግብ ነገር ቀሎልኛል። ሥጋ ቢሆን ከክርስቲያን ቤት ማዘዝ ነበረብኝ፤ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ይበቃል። የናይሮቢው ሽሮ ወዷል።

ገረመው ደወለ። "እትዬ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ችግኙም ቁመት ጨመረ፤ ከዚህ ሳምንት ካለፈ ቢተከልም አይይዝ።"

ቅዳሜ እነግርሃለሁ አልኩት።

"በጀ። እኔ የእርስዎን ቃል ነው የምጠብቅ። ኮምፒውተሩን አላውቀው።"

ከሰዓት በኋላ ሄኖክ የገረመውን ወረቀት በራሱ ፕሮግራም አሰላው። "ይትከሉ። በሽታው ብልጭ ብሎ በራሱ ይጠፋል፣ አይዘልቅም" አለ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሰላማዊት ያንኑ ወረቀት በእሷ ፕሮግራም አሰላችው። "እንዳይተክሉ! አንድ እግር አይተርፍም።"

አንድ ጆንያ በሁለት ሚዛን ሁለት ክብደት ሲያሳይ ሚዛኑን ነው የምመረምረው። እንደዚያ አልኳቸው። ሰላማዊት "እኛም እሱን ብለን ነው የመጣን፣ እትዬ ዘሃራ" አለች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ግን ስትከራከር ጠረጴዛ ትመታለች።

ሐሙስ ማሳውን ሊያዩ ቡሬ እንሂድ አሉ። የሳምንቱን መርሐ ግብራቸውን አየሁት፣ ቀኑ በፈረንጅ ነው። ሐሙስ እኮ የሰኔ ሚካኤል ነው አልኩት ሄኖክን። "እናውቃለን፤ ማየት ብቻ ነው፣ ሥራ አንሠራም" አለኝ። የእነሱ በዓል ነው፣ እነሱ ያውቁታል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

መብራት ጠፍቶ ዋለ። ኔትወርክም የለም። ሥራቸውን በፍላሽ እየተቀባበሉ ነበር።

ናፍጣ አስጨመርኩ። የላሉትን ሁለት ወንበሮች አናጢ ጠገነ። እርጥቡ በርበሬ ከሰዓት ዝናብ ስለመጣ ተመልሶ ገባ፤ ማስነጠሱም ተመለሰ።

አዳራሹ ውስጥ ተጨቃጨቁ። እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማል።

"ያንተ ፕሮግራም በሽታ አይታየውም!" ትላለች።

"ያንቺ ደግሞ ጤነኛ አይቶ አያውቅም" ይላታል።

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የተስማሙበትን ጠየቅኩ፦ የሙቀትና የዝናብ መለኪያ አንድ እንዲሆን፣ የአንድ በሽታ ስም በሁሉም ዘንድ አንድ እንዲሆን፣ ቀን ሲጻፍ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ እንዲጻፍ። ጥሩ ነው። ግን ሦስቱንም አስተካክለው ሲያሰሉት መልሱ ያው ነው፤ አንዱ ትከሉ፣ አንዷ አትትከሉ።

ስጋቴ፦ ቅዳሜ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" እንዳይሉኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ቡሬ ደርሰን ተመለስን። ሄኖክ፣ ሰላማዊትና እኔ ብቻ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ የሰላማዊት ጫማ ተቀርቅሮ ቀርቶ ሄኖክ ነው ጎትቶ ያወጣላት። ከትናንቱ ጭቅጭቅ ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው።

ገረመው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጋቢውን እንደለበሰ ተቀበለን። ችግኙ መደቡ ላይ አምሯል። አንዲት ጥግ ላይ ቢጫ የሆነች አለች። ሰላማዊት ጎንበስ ብላ ልትነቅላት እጇን ሰደደች።

"ኧረ ልጄ፣ እጅሽን መልሺ!" አላት ገረመው። "ዛሬ ሚካኤል ነው።"

"አንዷን ብቻ፣ ጋሼ። ግንዷን ለማየት።"

"አንዷም ሥራ ናት። እትዬ እስላም ሆነው ያወቁትን እናንተ ረሳችሁት?"

ሄኖክ አልረሳንም፣ ማየት ይቻላል ብለን ነው አለ።

"ማየቱንማ እዩ። ዓይን በዓል የለውም። መንቀል ነው ያልኩ።"

አጠውልግ መሆኑ የሚለየው ደግሞ ተነቅሎ ነው። ግንዱን ቆርጠው ውኃ ውስጥ ሲያቆሙት ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከወረደ እሱ ነው። የልማት ሠራተኛዋ እንዲያ ብላ ነው ያስተማረችው።

ሄኖክ ገረመውን ጠየቀው። "ዓምና በሽተኛ የምትቆጥረው እየነቀልክ ነበር?"

"አዎ።"

"ቀኑ በዓል ሲሆንስ?"

"ማሳ ውስጥ አልገባም። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ባለ ወልድ... ሰረዝ አድርጌ አልፋለሁ።"

"ሰረዝ ማለት የታመመ የለም ማለት አይደለም?"

ገረመው ተገርሞ አየው። "የለም ለማለትማ የለም ብዬ እጽፋለሁ፣ ወንድሜ። አልገባሁም ማለቴ ነው።"

የሄኖክ ፕሮግራም ሰረዙን ሁሉ ዜሮ ብሎ ነው ያነበበው፤ በየበዓሉ በሽታው የጠፋ መስሎታል። ሰላማዊት ልትስቅበት ጀመረች፣ ግን የራሷም ትዝ አላት። "የእኔ ደግሞ ሰረዙ ላይ የማግስቱን ቁጥር ይደግምበታል" አለች። ገረመው በማግስቱ ገብቶ የነቀለውን በማግስቱም ቆጥራዋለች፣ በበዓሉ ቀንም ቆጥራዋለች። የታመመው ሁሉ እጥፍ ሆነባት።

"እና ሚካኤል ነው ያጣላን" አላት ሄኖክ።

"ሚካኤልን ተወው" አለ ገረመው። "እናንተው ናችሁ ሳትጠይቁ የጻፋችሁበት።"

ጠላ አቀረበላቸው፣ ለእኔ ማር በውኃ በጥብጦ አመጣልኝ። ሊመሽ ሲል ተነሳን።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ አሁንም አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ምሳ ሳይነካ ቀዝቅዟል፤ አስሞቅሁት።

ስምምነቱ ከባድ ነበር። ገሚሱ ሰረዝ ያለበት ቀን ከወረቀቱ ይውጣ አለ። ሰላማዊት እንቢ አለች፤ ያልታየበት ቀን መኖሩ ራሱ መታወቅ አለበት አለች። ሄኖክ ደገፋት። በመጨረሻ ሁለት ምልክት አወጡ፤ አንዱ "ታይቶ የለም"፣ ሌላው "አልታየም"። ሁለተኛውን የሚጽፍ ሰው ምክንያቱን እንዲጨምር፣ ፕሮግራሙም በራሱ ቁጥር እንዳይሞላበት። የናይሮቢው በእነሱም አገር እንዲህ ያለ ሰረዝ እንዳለ ተናገረ፤ እዚያ ወንዝ ሲሞላ ነው አለ።

ገረመው ደወለ። ቢጫዋን ችግኝ ዛሬ ነቅሎ ቆርጦ ውኃ ውስጥ አቁሟታል። ምንም አልወረደም። ችግኙ ንጹሕ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ማምሻውን ሁለቱ በየፕሮግራማቸው እንደገና አሰሉት። ታችኛው ማሳ፣ ጎርፉ የሚያልፍበት፦ ሁለቱም አትትከሉ አሉ። ላይኛው ማሳ፦ ሁለቱም ዝም አሉ። ገረመው ዓምና ሲቸኩል ታችኛውን ብቻ አይቶ ይመለስ ስለነበር ላይኛው አብዛኛው ሰረዝ ነው።

"እትዬ፣ የላይኛውን አናውቅም" አለኝ ሄኖክ። አፍሯል።

ማክሰኞ ዕለት ግን እርግጠኛ ነበር። የዛሬውን ሄኖክ የበለጠ አምነዋለሁ። ይህን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

እንግዶቹ ጠዋት ሄዱ። ሰላማዊት የበርበሬ ቋጠሮ ይዛ ሄደች፤ ሄኖክ ሚኒባሱ ውስጥ ከእሷ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፣ አፍንጫውን ይዞ።

ገረመው ጋ ደወልኩ። ታችኛው ጤፍ ይሁን አልኩት።

"ያን ሁሉ ችግኝ አሳድጌ?" አለ።

"ችግኙ አይደለም፣ መሬቱ ነው የታመመው፣ ገረመው። ታችኛው ይደርቃል፤ ሁለቱም አንድ ሆነው ተናግረዋል።"

"ላይኛውስ?"

"አያውቁትም። እኔም አላውቀው።"

"እንግዲያ ላይኛውን እኔ ልሞክረው። ግማሹን።"

አሰብኩበት። ግማሹ ቢደርቅ በሬ አያሸጥም። ተስማማሁ። የተረፈውን ችግኝ አጠውልግ ላልገባበት ለጎረቤቱ ለወንድማገኝ ይሰጣል፤ ወንድማገኝ በርበሬውን ሲያነሳ ለእኔ እንዲያመጣ።

አንድ ነገር ጨመርኩ። በበዓል ቀን የእኔ ሠራተኛ ሙሐመድ ሄዶ ይቁጠር፣ እሱ ሚካኤል የለበትም አልኩት።

ሳቀ። "ሙሐመድ የለበትም፣ ማሳው ግን አለበት። መሬቱ የእኔ ነው፣ እትዬ። በዚያ ቀን ማንም አይነቅልበትም።"

አልተከራከርኩም። ያልታየ ቀን አልታየም ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ይጻፋል። በማግስቱ ላይኛውንም ጭምር እንዲያይ ግን ቃል አስገባሁት።

ልክ እንሁን አንሁን መስከረም ላይ ይለያል። ምሽቱን ዝናቡ በርትቷል።

ነገ እሑድ ነው፣ ገረመው አይዘራም። እኔ በጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ከዱርቤቴ የሚመጣውን የጤፍ ዘር እቀበላለሁ፤ ሰኞ ማለዳ ቡሬ መድረስ አለበት።