ከጋሼ ግዛው ጋር አንድ ክፍል

ሰኞ

«ማማ፣ ቴስት አድርጊልኝ» ስትለኝ ይኼ ሦስተኛ ቀኗ ነው። አረጋውያን ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ ከመጦሪያው፣ ከሲክየሙ፣ እግሬ አብጦ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ሳሮን ናት እንዲህ የምታደርገኝ። ኮምፒዩተር ተምራ ሥራ ከያዘች ዓመት ሊሞላት ነው። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ለሦስት ቀን ሐይቅ ዳር ወዳለው ካምፕ ይወጣል፤ ማን የት ክፍል እንደሚያድር የሚደለድል ፕሮግራም እየሠራች ነው። እስከ ዛሬ ድልድሉን የሚሠሩት ሽማግሌያችን ጋሼ ግዛው ነበሩ፣ በእርሳስና በደብተር።

ሥራውን ለምኜ ያሰጠኋት እኔ ነኝ። ካለፈው ገና ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አትመጣም። «እዚያ እኔን የሚፈልግ ሰው የለም» ትላለች። የምትችይውን ሲያዩ ይፈልጉሻል አልኳት። እንግዲህ።

ቃላቱን እዚህ ልጻፋቸው፣ ስትጠይቀኝ እንዳልዋረድ። ባግ ማለት ፕሮግራሙ ውስጥ የተሸሸገ ስህተት። ቴስት ማለት ያንን ስህተት ሰው ሳያገኘው እኛ ቀድመን ማግኘት። ሪሊዝ ማለት ለሕዝብ መልቀቅ፤ ከዚያ ወዲያ ጌታ ይርዳን። ሪኳየርመንት የሚሉትን ሁለቴ አስረዳችኝ፣ አልገባኝም። ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ መጀመሪያ ጠይቆ መጻፍ ነው አለች። ታዲያ ማንን ጠየቅሽ? ስላት፣ «ማማ፣ ግልጽ እኮ ነው!» ብላ ተቆጣች።

ማክሰኞ

ቴስት አደረግኩ። የእውነተኛ ሰው ስም አታስገቢ፣ ክልክል ነው ብላኛለች። ከየት ላምጣ? እንደ ሥራ ቦታዬ ኖርዌጂያን ሰዎች ያሉ ስሞች ፈጠርኩ። ካሪ ሀንሰን፣ ኡለ ሀንሰን፣ ትንሹ ላርስ ሀንሰን። ሦስቱንም አንድ ክፍል ከተታቸው። ጎሽ። አምስት ነፍስ ያለው የበርግ ቤተሰብም እንዲሁ። «ባግ የለም» ብዬ አጸደቅኩላት። ግንባሬን ሳመችኝ። እንዲህ ከሳመችኝ ስንት ጊዜዋ!

ረቡዕ

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ።

ጠዋት ድልድሉ በየሰው ስልክ ተለቀቀ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ አንዲት ባልቴት ገንፎ እያጎረስኩ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሽንት ቤት ገብቼ አየሁት። ክፍል አራት፦ እኔ አስቴር ተስፋዬ፣ ጋሼ ግዛው ተስፋዬ፣ ወንደላጤው ዮናስ ተስፋዬ። እኔና ጋሼ ግዛው አንድ ክፍል! ባለቤቴ ኃይሉ ለብቻው ሌላ ሕንፃ ተጥሏል።

የጋሼ ግዛው ሚስት እትዬ አልማዝ ደወሉ። «አስቴርዬ፣ ሠላሳ ዓመት የኖርኩትን ትዳር ልጅሽ በስልክ አፋታችኝ። ማንኮራፋቱን እንኳን ወሰድሽልኝ!» ብለው ሳቁ። ሁሉም ግን አልሳቀም። የሁለት ዓመቱ ናሆም ዳንኤል ከእናቱ ተለይቶ አባታቸው ዳንኤል ከሚባል ሁለት ጎረምሶች ጋር ተመድቧል። እናቱ እያለቀሰች ነው የደወለችው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሮግራሙ ቤተሰብን የሚለየው በመጨረሻ ስም ነው። ለኖርዌጂያን የተሠራ ዝግጁ ኮድ ወስዳ ነው የገጠመችው። እኛ ደግሞ አግብተንም ወልደንም የየአባታችንን ስም ይዘን ነው የምንኖረው። «አንቺ ሳሮን ኃይሉ፣ እኔ አስቴር ተስፋዬ! ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ከባርነሃገው፣ ልወስድሽ ስመጣ እናቷ ነሽ ወይ እያሉ ሲያቆሙኝ አላየሽም?» ብዬ ማታ ቤት ስገባ ጮህኩባት። ከዚያ የራሴው ጉድ ትዝ አለኝ። ሀንሰን፣ ሀንሰን፣ ሀንሰን። ቴስት ያደረገችው ማን ነበረች?

ሐሙስ

ሮልባክ አደረገች። አዲሱን አንስቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ማለት ነው። ቀድሞው ደግሞ የጋሼ ግዛው ደብተር ነው።

«ናይ፣ አይሆንም፣ እኔ አልሄድም፣ እናንተ ሂዱ» አለችኝ። «ለነሱ እኔ የፈረንጅ ልጅ ነኝ። አሁን ማስረጃም አገኙ።» ካሁኑ ከቀረች መቼም የምትመለስ አይመስለኝም።

ከሥራ እንደወጣሁ ጎትቼ ሊንደሩድ፣ ጋሼ ግዛው ቤት ወሰድኳት። ከሰፈራችን ከሆልምሊያ በባቡር፣ ከዚያ በሜትሮ።

ጋሼ ግዛው ደብተሩን ዘረጉላት። ለካ እሳቸው የማንንም አባት ስም አይጽፉም! «ከማን ጋር ነው የምትመጡት?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ጉልበቱን የሚያመው ታች ፎቅና ታች አልጋ። የሚያንኮራፋ ጥግ ላይ። የተኳረፉ ጎን ለጎን፣ «በግድግዳ ሲሰማሙ ይታረቃሉ» ብለው። ሳሮን ከላፕቶፑ ቀና አለች።

«ለምንድነው ይሄን ያልነገርከኝ?»

አንተ ብላ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ ግዛው ግን ፈገግ ብለው፣ «መቼ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?» አሏት።

ቀላች። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጠይቃቸው፣ ስትጽፍ። ሪኳየርመንት ማለት አሁን ገባኝ።

ዓርብ

አዲሱ ፕሮግራም ደረሰ። ዛሬ በራሳችን ቤት ስም፣ በፈቃዳችን ሞከርኩት። ሠራ። ከዚያ እንደ ችኩል ሰው ሆኜ «ከማን ጋር ትመጣላችሁ?» የሚለውን ባዶ አለፍኩት። ብቻውን የሚመጣ ሰው ክፍል አጣ! «ባግ አገኘሁ!» ብዬ ስጮህ ኃይሉ ሳሙናውን ሳይለቃለቅ ከመታጠቢያ ቤት ሮጦ ወጣ።

አስተካከለችው፤ ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። ስልኩ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ማንም አልደወለም። «ማንም ካልደወለ ሠርቷል ማለት ነው» አለች። ምን ዓይነት ሙያ ነው፣ ምስጋናው ዝምታ የሆነ!

ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ።

«ሌላ ባግ አለ» አልኳት።

«የት?»

«አንድ ሰው ጎድሏል። የሠራችው ልጅ የለችበትም።»

«ማማ፣ እሱ ባግ አይደለም» ብላ ክፍሏ ገባች። ሻንጣዬን በንዴት በጉልበቴ ተጭኜ ዘጋሁት፤ ጉልበቴን አመመኝ።

ቅዳሜ

ኃይሉ መኪና ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል፣ ቶሎ ልጻፍ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ድልድሉ ተቀይሯል። የእኔና የኃይሉ ክፍል፣ ክፍል ሰባት፣ ሦስት ሰው ሆኗል። ሦስተኛዋ ሳሮን ኃይሉ። «ከማን ጋር ትመጣላችሁ?» በሚለው ሥር የጻፈችው፦ ከማማ ጋር።

እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አላነሳሁባት። ሻንጣዋ ግን በሩ ላይ ነው።

እኔን ላይኛው አልጋ ላይ ሰቅላኛለች። በዚህ ጉልበት! የጋሼ ግዛውን ሕግ በአንድ ቀን ረሳችው? መኪና ውስጥ እነግራታለሁ።