አንድ ኪሎ ተኩል

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

የኩላሊት እጥበት ቀን። አራት ቁጥር ወንበር፣ መስኮቱ ጋ። ማሽኑ ላይ ከመግባቴ በፊት ሲስተር መዘነችኝ፦ 62.4። ጠዋት ቤት፣ በገዛ እጄ ባስተካከልኩት ሚዛን 63.9 ነበርኩ። መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ጣልኩ ማለት ነው? ሠላሳ ሁለት ዓመት ሚዛን ስጠግን ኖሬያለሁ። ኪሎ ዝም ብሎ አይጠፋም።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ዛሬም ያው ልዩነት። ለሲስተር ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ባለፈው ወር ተፈትሿል እኮ።"

"ማን ፈተሸው?"

አታውቅም። ሳቀች... ምን ያስቃታል?

ነገሩ ግልጽ ነው። ኩላሊቴ ውሃ አያወጣም፣ ማሽኑ ነው የሚያወጣልኝ። ስጨርስ 60 ኪሎ መሆን አለብኝ ብላለች ዶክተሯ። ሚዛናቸው አሳንሶ ሲያሳይ የሚያወጡት ውሃ ያንሳል። ወንበሩ ቶሎ ይለቀቃል፣ ኮሪደር ላይ የተሰለፈው ይገባል። ውሃው እኔ ውስጥ ይቀራል።

ሦስት ቁጥር ላይ ላለው ጡረተኛ አጫወትኩት። "አቃቤ ሕግ" እንለዋለን፤ የማይከሰው ሰው የለም። "አላልኩህም?" አለ። መቼ ምን እንዳለኝ አላስታውስም። ግን ደስ አለኝ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ዶክተሯ ራሷ መጣች። ይሄ ብቻውን ያጠራጥራል፤ ሐኪም ሳይጠሩት መቼ ይመጣል? በማሽን የምንታጠበውንና ቤታቸው ሆነው በሆዳቸው በኩል፣ በፈሳሽ ከረጢት የሚታጠቡትን ሰዎች እያወዳደሩ ነው አለች። የማን ደም ቧንቧ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ መለጠጥ እንደሚያቅተው ለማየት።

አንድ መሣሪያ አንገቴ ላይ፣ ሌላ ጭኔ ላይ አደረጉ። የልቤ ምት ከአንዱ ወደ ሌላው በስንት ፍጥነት እንደሚደርስ ይለካል። ቧንቧው ለስላሳ ከሆነ ምቱ ቀስ ይላል፣ ከደረቀ ይፈጥናል።

"የእርስዎ ፈጥኗል፣ አባቴ።"

ዕድሜ ልኬን ዘገምተኛ ስባል ኖሬ የፈጠንኩት በዚህ ሆነ።

"እና የትኛው እጥበት ነው የሚሻለው?"

"ገና አላወቅንም። ማሽኑ በሳምንት ሦስቴ፣ ውሃውን በአንዴ ይጎትታል። የሆዱ በየቀኑ፣ በቀስታ ነው። ቧንቧ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? የምንለካው እሱን ነው። እርስዎም ቢያስቡበት..."

ካላወቀች እኔ ምኑን ነው የማስበው?

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

መላ አገኘሁ። ማሽኑ ላይ ስለሚበርደኝ ጃኬቴን አላወልቅም፣ ሲስተርም ለምዳዋለች። ዛሬ በቀኝ ኪሴ የአንድ ኪሎ፣ በግራ ኪሴ የግማሽ ኪሎ የሚዛን ብረት ይዤ ሚዛናቸው ላይ ወጣሁ። ሊያጠፉብኝ የነበረውን አስመለስኩ። ስገባም ስወጣም ያው ብረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ማንም አልነቃ። የቁርጭምጭሚቴ እብጠትም ጠፋ። ማን ነበር ትክክል?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን ባቴን ሲቆረጥመኝ አደረ። ማሽኑን ነካክተውት ይሆን?

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

በእጥበቱ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ጆሮዬ ጭው አለ... ከዚያ የለሁም። ስነቃ እግሬ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ሲስተር ጉንጬን እየመታች ነው። "ጋሼ! ይስሙኝ! ግፊትዎ ሰባ ገብቶ ነበር።"

ዶክተሯ መጣች። "ማሽኑ ከብዶዎታል። ቧንቧዎ ደርቋል፣ ደሙ ሲቀንስ ተጨማድዶ ግፊቱን መያዝ አይችልም። ልብዎን ይጎዳዋል። ወደ ሆዱ ብንዞር ይሻላል።"

ይኸው! መጀመሪያ ውሃ አስቀሩብኝ፣ አሁን ደግሞ ወንበሩን ሊወስዱብኝ ነው። አቃቤ ሕግ በዓይኑ ጠቀሰኝ። "ስድስት ቁጥር የነበረውን ሰውዬ እንደዚህ ነው ያስነሱት" አለ። ሰውዬው ልጁ ወደሚኖርበት ከተማ ነው የሄደው ሲባል የሰማሁ መስሎኝ ነበር...

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ልጄ የሥራ ክፍሌን በሜትር ስትለካ ያዝኳት። ጥግ ጥጉን፣ መስኮቱን።

"ምን ልታደርጊበት ነው?"

"ምንም፣ አባዬ። መደርደሪያ ይገባ እንደሆነ ብዬ።"

መምህር ናት፣ መዋሸት አይሆንላትም። ጆሮዋ ይቀላል። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ "የትምህርት ቤት ስብሰባ" እያለች አምሽታ ነው የምትገባው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳ ላይ ስልክ ስታወራ ሰማኋት፦ "አይ ዶክተር፣ እስካሁን አልነገርኩትም።"

ምኑን? እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሷ ሌላ ማን አለኝ? እሷም ከነሱ ጋር ከገጠመች... አልጨርሰውም።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

"ስብሰባ" ሄዳለች። ትምህርት ቤቷ ደወልኩ። ዘበኛው "ዛሬ ስብሰባ የለም፣ ሁሉም ወጥቷል" አለኝ። ማታ ስትገባ ምንም አልጠየቅኳት። ምግባችንን በልተን ተኛን።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ከእጥበት መልስ ደጃፌ ላይ ወደቅኩ። ጎረቤት ነው ያነሳኝ። ኪሴ ያለው ብረት ጎኔን አበለዘው። "ምን ተሸክመው ነው?" አለ። የሥራ ዕቃ ነው አልኩ። ፈራሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? መሞት ፈራሁ።

ኅዳር 1፣ እሁድ

የሰፈራችን ሽንኩርት ሻጭ ሚዛኗን ታቅፋ መጣች። በክረምቱ መጨረሻ ያስተካከልኩላት ነው። ፊቷ ተለዋውጧል።

"ጋሼ፣ እኔ በእርስዎ እጅ ሌባ ልባል?"

አንዲት ደንበኛዋ አሥር ኪሎ ገዝታ ሌላ ቦታ ብታስመዝነው ሩብ ኪሎ ጎደለ። ሰው ፊት አዋረደቻት። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ! የኔ ሥራ አይሳሳትም፣ ሳህኑን አጣመሽው ይሆናል አልኳት። ላሳያትም ብዬ ሁሉን የማስተካክልበትን የአምስት ኪሎ ብረት ሚዛኗ ላይ ጫንኩ። ልክ አምስት። "አየሽ?"

"እሱማ የርስዎ ብረት ነው" አለች።

በንዴት ያንን አነሳሁና ትንንሾቹን ብረቶች ደምሬ አምስት ኪሎ ጫንኩ። 5.12 አለ።

ብረቱን ገለበጥኩት። ከሥሩ መሐል ላይ፣ ክብደቱ እንዲሞላ እርሳስ የሚፈስበት ቀዳዳ አለው። ባዶ ነው። እርሳሱ ወድቋል። መቼ? አላውቅም። ፈትሼው አላውቅም። ዓለሙን ሁሉ ስፈትሽ እሱን አልፈተሽኩም!

ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሚዛኗን አስተካክዬ ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ የራሴን ሚዛን አስተካክዬ ወጣሁበት። ከዚያ ተቀምጬ አሰላሁት። በክሊኒኩ 62.4 የነበርኩት እኔ በራሴ ሚዛን 63.9። አንድ ኪሎ ተኩል። የክሊኒኩ ልክ ነበር። የሌለኝን ውሃ ነው ሦስት ሳምንት ያህል ከደሜ ያስመጠጥኩት።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ብረቶቹን ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ሲስተር አፏን ይዛ ወጣች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም።

"ሊሞቱ ይችሉ እንደነበር ያውቃሉ?" አለች ዶክተሯ። ቁጣዋ የእናት ነበር፣ በዕድሜ ልጄ ብትሆንም።

"ቧንቧዬ የደረቀው... በዚህ ነው?"

"አይደለም። ብረቱን ከመያዝዎ በፊት ነው የለካንዎት። መውደቁ ግን ባብዛኛው የብረቱ ሥራ ነው። እሱን ከተዉ ወንበርዎ ላይ መቆየት ይችላሉ።"

"ወደ ሆዱ ብዞር ቧንቧዬ ይለሰልሳል?"

"ቃል አልገባልዎትም። ስኳር ያለው ፈሳሽ ነው፣ የራሱ ጣጣ አለው። ለእርስዎ ልብ ቀስ ያለው ይሻላል ብዬ አስባለሁ እንጂ አላውቅም።"

ሠላሳ ሁለት ዓመት "ልክ ነው" የሚል ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ "አላውቅም" ስትለኝ የምይዝባት ጠፋኝ። ስለ ወንበሩ ጠየቅኳት። ለማን ነው የፈለጋችሁት? "ለማንም አይደለም። ከፈለጉት የእርስዎ ነው።"

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ልጄን ቁጭ በይ አልኳት። "ስብሰባው የት ነው?"

ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ እንባዋ መጣ። ክሊኒክ ነው። የፕላስቲክ ሆድ ላይ ከረጢት መግጠም ትማራለች። እጅ አስተጣጠቡን፣ ቱቦ አያያዙን። ክፍሌን የለካችውም ለዚያ ነው፤ ንጹሕ ጥግና ለፈሳሹ ካርቶኖች ቦታ ያስፈልጋል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትጠረጥረኛለህ።"

"ባትነግሪኝስ?"

"ባልነግርህም ጠረጠርከኝ" አለች። እያለቀሰች ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ልጄን በዘበኛ ያጣራሁ አባት ነኝ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ከእጥበት በፊት ያለ ጃኬት ተመዘንኩ። ለዶክተሯ "የሆዱን አድርጉልኝ" አልኳት። አቃቤ ሕግ ሰምቶ አበደ። "አታለሉህ! አንተን የመሰለ ሰው!" አለ። ማንም አላታለለኝም፣ ራሴን ያታለልኩት እኔ ነኝ አልኩት። አላመነኝም። ልፈርድበት አልችልም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ቱቦው ትናንት ሆዴ ውስጥ ገባ። ያማል፣ ግን ይቻላል። እስኪድን ማሽኑ ላይ እቆያለሁ። በዚያ ብረት በቅርቡ ያስተካከልኳቸውን ሚዛኖች ዝርዝር አወጣሁ፦ አሥራ አንድ ናቸው። አራቱን አስመጥቼ አስተካክያለሁ። ሁለት ባለሚዛኖች ሰደቡኝ። ይገባኛል።

ታህሳስ 7፣ ሰኞ

ማሽን የሌለበት የመጀመሪያ ሰኞ። ያለ ሲስተር፣ ቤታችን ውስጥ፣ እኔና ልጄ ብቻ። ሁለት ኪሎ ፈሳሽ ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ። ቧንቧዬን ከስድስት ወር በኋላ ይለኩታል። ይለስልስ፣ ይድረቅ፣ ማን ያውቃል... ዶክተሯም አታውቅም።

የወጣውን ከረጢት ልጄ የእጅ ሚዛኑ ላይ ሰቀለችው። ክብደቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። እጄ ወደ መነጽሬ ሄዶ ነበር። ልነሳ፣ ላየው፣ መንጠቆውን ልነካካው...

"ስንት አለ?" አልኳት ከተቀመጥኩበት።

"ሁለት ነጥብ ሦስት፣ አባዬ።"

ሁለት ነጥብ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።