የጎረቤቴ ሂስ

ሰኞ፣ ጥር 14
በጎቹን አስገባሁ። ጉልበቴ ሲጮህ ዋለ። ውቢት አልመጣችም። የልጄ ልጅ የጻፈችውን ሁሉ መጀመሪያ የምታነበው ለእኔ ነበር። ዛሬ መ/ር ደመላሽ ዘንድ! ጡረተኛው ጎረቤቴ። መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን ብላት፣ ለሂስ። አንቱማ ወይ ይስቃሉ ወይ ግሩም ነው ይላሉ አለችኝ። ግሩም ማለት ጥፋት ሆነ? ሰማሽ ደብተር?

ማክሰኞ፣ 15
ሂስ። አውቀዋለሁ። በቀበሌ ግምገማ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ጉዱን ይዘረግፍበታል። እኔንም ስብሰባ ላይ ያስቃል ብለው ሂስ ሰጥተውኛል። ተቀብያለሁ ብዬ ይባስ አሳቅኋቸው።
በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ደመላሽ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይናገራል። እሷ አፉን አፉን ታያለች። የእኔን አፍ እንዲህ አይታው አታውቅም። ጥርስ ስለሌለው ይሆናል።

ሐሙስ፣ 17
እኔም ሂስ እችላለሁ፣ አምጪ አልኳት። አነበበች። እብናት ገበያ ስለሸጥኩት በሬዬ፣ ስለ ዳለቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም፤ ስህተት ስፈልግ ነበር። ድምፅሽ የፍየል፣ ወሬሽ የሰካራም አልኳት።
ወረቀቷን አጠፈች። ‘ይኼ ሂስ አይደለም አባባ። ስድብ ነው።’
ሚስቴ እራቴን አስቀምጣ ፊቷን አዙራ ወጣች።

እሑድ፣ 20፣ ረፋድ
ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደመላሽ ጠራኝ። ልጣላው ሄድኩ። ልጅቱን ምን እያልክ ነው የምታስኮበልላት አልኩት። ሳቀ። የበሬውን አረማመድ ስታነብ ዓይኔ ላይ መጣ ብያታለሁ አለ፤ አንድ ቦታ ግን አላመንኳትም። አያቴ ዳለቻን ሸጠው እየሳቁ ተመለሱ ትላለች።
‘አያ ፈንቴ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያረሰልህን በሬ ሸጠህ ስቀሃል? ሂሴ ይኸው ነው። እሱን ጠይቂው አልኳት፤ ፈራችህ።’
ቀልድ ፈለግሁ። አልመጣም። ይኼ ሰውዬ! አሁን ይብስ ቀናሁበት። ለእኔም እኮ አንብባልኝ ነበር።

ምሽት
ጠራኋት። ያቺን ቦታ ድገሚልኝ አልኳት። እየፈራች ደገመች። አልሳቅሁም አልኳት። ገበያተኛውን ነው ያሳቅሁት። የዳለቻን ገመድ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስመለስ፣ ወንዙ ጋ ስደርስ ልማድ ሆኖብኝ ላጠጣው ቆምኩ።
እርሳሷን አነሣች። ‘ከዚያስ አባባ?’ አፌን አፌን እያየች።
ነገ ለደመላሽ ስታነብለት አብሬ እሄዳለሁ። በአጥር ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ። እኔም እሱ ቤት ለሚጠመቀው ጠላ ሂስ አለኝ። መጀመሪያ መልካሙን እነግረዋለሁ። ከዚያ ውሃ በዝቶበታል እለዋለሁ።