ከሲቪዬ ላይ የሰረዝኸው

እንጅባራ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለይኸነው፣

እኔና ልጅህ የምሥራች፣ ከዚህ ከከተማችን ከቆሰበር ውርጭ በቀር፣ ደኅና ነን። አንተ ያለህበት ሐዋሳ እንደዚህ እንደማይበርድ አውቃለሁ። ትናንት ስልኩን የዘጋሁብህ ኔትወርክ ጠፍቶ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄ ነው። ዛሬም አልበረደልኝም። በስልክ ስለምታቋርጠኝ ይኸው ጻፍሁልህ።

የሥራ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ስልክልህ፣ «ሲቪሽን ከማስታወቂያው ቃላት ጋር ላስማማልሽ፤ ቀጣሪ የሚፈልገው የራሱን ቃል ነው» አልኸኝ። ቅጥር ክፍል ስለምትሠራ አመንሁህ። በፋግታ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞርሁ ስለ ሕፃናት አመጋገብ እናቶችን ማስተማሬን «የማኅበረሰብ ንቅናቄ» አልኸው። ይሁን፤ ሥራው ያው ነው። ከጤና ጣቢያው ጋር መነጋገሬን «የባለድርሻ አካላት ቅንጅት» አደረግኸው። እሱም ይሁን። እነዚህን አንብበህልኛል፤ ቀሪውን ግን ሳላየው ላክኸው። ለቃለ መጠይቅ ያስጠራኝ የአንተ ቃል መሆኑን አልክድም።

ትናንት ቃለ መጠይቁ ላይ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እህተማርያም፣ «ከገጠር እናቶች ጋር በምን ትግባቢያለሽ?» አሉኝ።

«በአገውኛ። አፌን የፈታሁበት ነው።»

ወረቀቱን አገላበጡት። «እዚህ ላይ ያለው አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው።»

ከጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ ፈገግ ብሎ፣ «ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም እችላለሁ ይላል» አለ።

ይኸነው፣ እኔ የአዲስ ቅዳም ገበሬ ልጅ በእናቴ ቋንቋ ዋሾ ተባልሁ።

ሴትዮዋ ግን ወዲያው በአገውኛ ጠየቁኝ፤ የልጇ ክብደት የቀነሰባትን እናት ሳታሳፍሪ እንዴት ትነግሪያታለሽ አሉኝ። ስመልስላቸው ሰውዬው አንዲትም ቃል አልገባችውም። አቀርቅሮ እስክሪብቶውን ሲያሽከረክር ቆየ።

ወጥቼ አገውኛዬን ለምን ሰረዝኸው ብዬ ስደውልልህ ምን አልኸኝ? «ማስታወቂያው አገውኛ አይልም። ደግሞ ገጠሬ ያስመስልሻል።»

ገጠሬ ነኝ። ስታገባኝም ታውቅ ነበር። የመጀመሪያዋን ምክንያት ብቻ ብትነግረኝ የሥራው ልማድ ነው ብዬ እተውልህ ነበር። ሁለተኛዋ ግን ከማስታወቂያው የመጣች አይደለችም፤ ካንተው ናት። እናቴ ቤታችን ስትመጣ «የልጅቷ አማርኛ እንዳይበላሽ» እያልህ በቋንቋችን እንዳናወራ የከለከልኸን ለካ ለዚሁ ኖሯል። እሷም እንግዳ ሆና ተቀምጣ ትሄዳለች። እኔም ትዳር ነው ብዬ ዝም አልሁ።

ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ደስታዬን መጀመሪያ የነገርሁት ለእናቴ ነው፤ ላንተ ባለመሆኑ ይቆጨኛል። መስክ ስወጣ የምሥራችን እንድትይዝልኝ እሷው መጥታለች። ይህን ስጽፍ ጓዳ ውስጥ ሁለቱ እየተሳሳቁ ነው፤ በአማርኛ አይደለም።

ለገና ስትመጣ ልጅህ በአያቷ ቋንቋ ሰላም ትልሃለች። የምትመልስላት ቢቸግርህ ጠይቀኝ፤ ደስ ብሎኝ አስተምርሃለሁ። እስከ ዛሬ ጠይቀኸኝ አታውቅም።

በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ ከመንገድ ክፉ ሰውሮ ለቤትህ ያብቃህ።

ሚስትህ
ሶስና